የአዳማው የስብሰባ አዳራሽ፦ ስፖንጅ ከመግዛትህ በፊት ቀዳዳውን ፈልግ

ጥያቄውን ያቀረበው ወንድማችን አዳማ ላይ የሆቴል ግንባታ የሚከታተል መሐንዲስ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ 15 በ12 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 3.6 ሜትር፣ 150 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አለው። ባለቤቱ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች በር ዘግተው የሚመክሩበት ቦታ ይፈልጋል። ውስጥ የተወራው ውጭ እንዳይሰማ፣ የመንገዱ ጩኸትም እንዳይገባ። አንድ ሰው ግድግዳውን በሙሉ ስፖንጅ አልብሱት ብሎ መክሯቸዋል፣ ጥያቄውም «ስንት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ልግዛ?» የሚል ነው።

ምንም አትግዛ። ነገሩ ወዲህ ነው። ስፖንጅ የሚቀንሰው አዳራሹ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ነው እንጂ ድምፅ ወደ ውጭ መውጣቱን አያግድም። ድምፅ የሚያቆመው ክብደትና ድፍንነት ነው፣ ስፖንጅ ደግሞ ሁለቱም የለውም። በዚያ ላይ ተራ ስፖንጅ በእሳት ጊዜ ገዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ በርችት ተያይዞ 100 ሰው ሞቷል። በ2013 ደግሞ ብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ ኮርኒስ ላይ የነበረ ስፖንጅ በተመሳሳይ መንገድ ተቀጣጥሎ 242 ሰው አልቋል፣ አብዛኞቹ የሞቱት በጭሱ ታፍነው ነው። አንተ ደግሞ በር ዘግተው በሚሰበሰቡ 150 ሰዎች ዙሪያ ነው የምትለጥፈው። ስለዚህ ይሄን ሐሳብ ዛሬውኑ ተወው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ምስጢርና ጸጥታ የሚጠፉት በግድግዳ ሳይሆን በቀዳዳ ነው። ሁለት በኩል በደንብ የተለሰነ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ወደ 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ድምፅ ይቀንሳል፣ መጥፎ አይደለም። ግን ከግድግዳው ስፋት 1 በመቶው ክፍት ከሆነ፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ጠቅላላ ውጤቱ 20 ዴሲቤል አካባቢ ይቀራል። ቀመሩ ይሄው ነው፣ በገንዘብ አይሸነፍም። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፣ መውጫ ካገኘ ግድግዳህን አይለምንም።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቀዳዳ ኮርኒሱ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ አዳራሽና ኮሪደርን የሚለየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከኮርኒሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በላይ እስከ ሶሌታው (ከላይ ያለው የኮንክሪት ወለል) ድረስ ባዶ ነው፣ ቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር ያልፍበታል፣ ማንም አያየውም፣ ልስንም የለውም። ሰው አዳራሹ ውስጥ ሲናገር ድምፁ በጂፕሰም ኮርኒሱ አልፎ በዚያ ክፍት ቦታ ተሻግሮ ኮሪደር ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ኮርኒስ ሳይገጠም በፊት መሰላል ይዘህ ውጣና አራቱንም ግድግዳ እይ። ብሎኬቱ ሶሌታውንና ቢሙን መንካት አለበት፣ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍተት መሞላት አለበት፣ ልስኑም በሁለቱም ፊት እስከ ላይ መድረስ አለበት። ያልተለሰነ ብሎኬት ራሱ ቀዳዳ ነው፣ አየር ያሳልፋል። ቱቦና ገመድ የሚያልፉበት ቦታ ሁሉ ደግሞ እሳትም ድምፅም በሚያግድ ማሸጊያ ይደፈን። ኮርኒስ ከተገጠመ በኋላ ይሄን ሥራ መሥራት በጣም ውድ ነው፣ አሁን ግን የአንድ ግንበኛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛው በሩ ነው። ባለ ሁለት ተካፋች በርህ 1.80 በ2.20 ቢሆንና ከታች 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢቀር፣ ያ ክፍተት ከበሩ ስፋት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ግን በሩን ከ23 ዴሲቤል በላይ እንዳይቀንስ ያደርገዋል። በማይክራፎን የሚናገር ሰው ድምፅ አዳራሹ ውስጥ 75 ዴሲቤል አካባቢ ነው እንበል። 23 ሲቀነስ በር ላይ የቆመው ሰው 52 ዴሲቤል ይሰማል፣ ማለትም እያንዳንዱን ቃል። ለሻይ እረፍት ብርጭቆ የምትደረድረዋ ልጅ ሳትፈልግ የባንኩን ቦርድ ስብሰባ ሰማች ማለት ነው። መፍትሔው ከባድ በር፣ ዙሪያውን ላስቲክ፣ ከታች ደግሞ በሩ ሲዘጋ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወለሉን የሚነካ ማሸጊያ ነው። ቦታ ካለህ ሁለት በር አድርገው፣ መሃላቸው ላይ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ትንሽ መተላለፊያ ይኑር፣ ወለሉ ምንጣፍ ኮርኒሱም ድምፅ የሚመጥ ይሁን። አንዱ ሲከፈት ሌላው ዝግ ይሆናል። እኔ ብሆን ከየትኛውም የግድግዳ ማሻሻያ ይልቅ ገንዘቡን እዚህ ላይ አወጣለሁ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ማታ የአዳራሹን መብራት አጥፋ፣ አንድ ሰው ኮሪደር ላይ ሆኖ ጠንካራ ባትሪ በበሩ ዙሪያና በግድግዳው መገጣጠሚያ ላይ ያብራ፣ አንተ ውስጥ ሆነህ ተመልከት። ብርሃን ያየህበት ቦታ ሁሉ ድምፅ ያወጣል። ላስቲኩን ለመፈተን ደግሞ ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አድርገህ ዝጋና ጎትት። ወረቀቱ ያለ ችግር ሾልኮ ከወጣ ላስቲኩ ጌጥ ነው።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ከግድግዳው ሁለት ፊት ጀርባ ለጀርባ አታስቀምጥ፣ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። የመጸዳጃ ቤት ቱቦ በአዳራሹ ኮርኒስ ላይ ማለፍ የለበትም። ካለፈም በከባድ ነገር ተጠቅልሎ በቦክስ ይዘጋ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ላይ ደረስን፣ አየር። አዳራሹን እንዲህ ካሸግከው ሰው በምን ይተነፍሳል? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ተራ ኤሲ ንጹህ አየር አያስገባም። ውስጥ ያለውን አየር ብቻ እያዞረ ያቀዘቅዛል። 150 ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንተ አዳራሽ ውስጥ (ይዘቱ 648 ሜትር ኪዩብ ነው) በአንድ ሰዓት 4,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 4,000 ማለት ነው) ገደማ ይጨምራል። ውጭ ያለው 420 አካባቢ ነው። ከምሳ በኋላ ሁሉም የሚያንቀላፋው በክትፎው ብቻ አይደለም። ከዚያ አንዱ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። መስኮቱ ሲከፈት የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይገባል፣ ባጃጅ ይገባል፣ የስብሰባው ቃል ደግሞ ይወጣል። ያ ሁሉ ያወጣኸው ገንዘብ በአንድ መስኮት ሄደ። አየር ያላሰብንበት አዳራሽ ጸጥ ያለ አዳራሽ ሊሆን አይችልም የምለው ለዚህ ነው።

ስንት አየር? ብዙ አገር የሚጠቀምበት የአሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) መለኪያ ለስብሰባ ክፍል በሰው 2.5 ሊትር በሴኮንድ፣ በካሬ ሜትር ደግሞ 0.3 ሊትር ይላል። ለአንተ 375 ሲደመር 54፣ ወደ 430 ሊትር በሴኮንድ ነው። ግን ይሄ ዝቅተኛው ነው፣ አዳራሹ ሲሞላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ2,000 ፒፒኤም ያልፋል። እኔ 750 ሊትር አካባቢ አድርገው እላለሁ። ያኔ ወደ 1,400 ይወርዳል፣ ሰዉም ቀኑን ሙሉ ነቅቶ ይውላል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ የሚታዘዝ ማራገቢያ ካደረግክለት 30 ሰው ሲሰበሰብ ራሱ ይቀንሳል፣ መብራትም ይቆጥባል።

እዚህ ጋ ነው ጣጣው። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳም ነው። የአዳራሹ ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) እና የጎረቤቱ ትንሽ የስብሰባ ክፍል ዳክት ከአንድ ግንድ ከተቀጠሉ፣ ሁለቱ ክፍሎች በቱቦ ይነጋገራሉ። መመለሻ አየርን «በኮርኒስ ላይ ዝም ብሎ ይሂድ» የሚል ዲዛይንም አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን ከላይ ስንደፍን የዋልነውን ግድግዳ መልሶ ይበሳዋል። ስለዚህ ለአዳራሹ የራሱ መስመር ይኑረው፣ ማስገቢያውም መመለሻውም በዳክት ይሂድ። ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ ድምፅ ማፈኛ ይገጠም፣ ከዚያም ውስጡ ድምፅ በሚመጥ ነገር የተለበጠ አንድ ሁለት ክርን ይኑር። ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ዳክት ቃል በቃል የንግግር ቱቦ ነው።

ፍጥነቱንም ልብ በል። የአየር ጩኸት የሚመጣው ጠባብ ቱቦ ውስጥ ብዙ አየር ከማስሮጥ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጩኸቱ ከ15 ዴሲቤል በላይ ይጨምራል። ዋናው መስመር ላይ ከ4 እስከ 5 ሜትር በሴኮንድ፣ አየሩ አዳራሹ ውስጥ በሚወጣበት መክፈቻ ላይ ደግሞ 2 ሜትር በሴኮንድ ላይ ያዘው። ለ750 ሊትር በ4 ሜትር ሲሰላ 45 በ42 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዳክት ያስፈልግሃል። ኮንትራክተሩ «ኮርኒሱ ዝቅ ይላል፣ 30 በ30 እናድርገው» ሊልህ ይችላል። ያኔ ፍጥነቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፣ አዳራሹም ቀኑን ሙሉ ሲነፋ ይውላል። እምቢ በል። ኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ቢል ማንም አይቀየምህም።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ፣ ሰዉ ብቻውን 17 ኪሎ ዋት አካባቢ ሙቀት ያወጣል፣ በዚያ ላይ ፀሐይ፣ መብራትና ፕሮጀክተር አለ። ማሽኑ ምን ያህል ይሁን የሚለውን መካኒካል መሐንዲሱ ያስላው፣ እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፣ ማሽኑን አዳራሹ ኮርኒስ ውስጥ አትስቀለው። ኮሪደር ወይም ዕቃ ቤት ላይ ይሁን፣ አየሩ በዳክት ይምጣ። ጥገና የሚመጣው ባለሙያም በስብሰባ መሃል መሰላል ይዞ አይገባም፣ ለምስጢርም ይጠቅማል።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ወደ 17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የማሽን ካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ማራገቢያው፣ ኤሲውም፣ ጀነሬተሩም ለከፍታው ተስተካክለው መመረጥ አለባቸው። ይሄ ካልተደረገ ማቀዝቀዣው አነሰ ተብሎ ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ጩኸት ነው። አቅራቢውን «የ1,650 ሜትሩን ቁጥር በጽሑፍ ስጠኝ» በለው።

አዳማ ሌላም ጠባይ አላት፣ ንፋሷ። በከንቱ አይደለም ከተማዋ አጠገብ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት። ንፋሱ በተንሸራታች አሉሚኒየም መስኮት ክፍተት ውስጥ ሲገባ ያፏጫል፣ አቧራም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያውን ከመንገዱ አርቅ፣ ከጀነሬተሩ ጭስና ከወጥ ቤቱም አርቅ፣ ሁለት ደረጃ ማጣሪያ ይኑረው፣ ማጣሪያው ደግሞ በቀላሉ የሚወጣ ይሁን። የማይወጣ ማጣሪያ አይጸዳም። በአንድ ወር አቧራ ይደፍነዋል።

መስኮት ላይ አጭር ልሁን። ተንሸራታች መስኮት አይታሸግም፣ አለቀ። ወደ መንገዱ የሚያይ ከሆነ የማይከፈት ወይም በማጠፊያ ተከፍቶ ላስቲክ ላይ ተጭኖ የሚዘጋ አድርገው፣ መስታወቱም ባለ ድርብ ሽፋን ላሚኔትድ (መሃሉ ላይ ፕላስቲክ ያለው) ይሁን። ጩኸቱ ከባድ ከሆነ ከውስጥ በኩል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሁለተኛ መስኮት ግጠም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዲዛይኑ ገና የሚንቀሳቀስ ከሆነ አዳራሹን ወደ ጓሮ አዙሮ ኮሪደሩን በመንገድ በኩል ማድረግ ነው፣ ምንም ሳታወጣ ትልቅ ትርፍ ታገኛለህ። የምሽት ሠርግ የሚደገስበት የግቢ ድንኳን ካለም አስብበት። የሙዚቃው ቤዝ በቀላል ግድግዳና በቀላል መስታወት እንደ ልቡ ያልፋል።

ከላይህ ያለው ጣሪያ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ንገረኝ፣ ጥያቄህ ላይ አልጻፍከውም። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክራፎንም አያድንም። ሶሌታ ካለ ግን ተገላገልክ።

ጀነሬተሩን እንይ። «ሳይለንት» የተባለ ጀነሬተር በ7 ሜትር ርቀት 75 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ ዝም አይልም። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ 14 ሜትር ላይ 69፣ 28 ሜትር ላይ 63። ስለዚህ ከአዳራሹ በተቃራኒ በኩል መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ሕንፃው ራሱ ይከልለው። ሕንፃው ላይ ወይም ቤዝመንት ውስጥ ከሆነ ስፕሪንግ ላይ ይቁም፣ የጭስ ቱቦውም ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ይኑረው፣ አለበለዚያ ንዝረቱ በኮለን (በሕንፃው ምሰሶ) ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይጮኻል። ስፕሪንግ ሲባል ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የአዋሽ ፈንታሌ ርዕደ መሬት እስከ አዳማና አዲስ አበባ ተሰምቷል። ስፕሪንግ ላይ የቆመ ማሽን ሁሉ እንዳይወድቅ የሚይዘው መግቻ ያስፈልገዋል፣ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ዳክትና ከባድ መብራትም በአግድም መታሰር አለበት። በሽቦ ብቻ የተንጠለጠለ ነገር 150 ሰው ላይ አይሰቀልም።

ማስተጋባቱን አሁን እንፈታዋለን፣ ስፖንጁ የታሰበው ለዚህ ከሆነ ማለቴ ነው። ሴራሚክ ወለል፣ ልስን ግድግዳና ጂፕሰም ኮርኒስ ብቻ ያለው አዳራሽህ ባዶውን 3.7 ሴኮንድ ገደማ ያስተጋባል። ግማሹ ሰው ሲገባ 1.7 አካባቢ ይሆናል፣ ለንግግር አሁንም ብዙ ነው፣ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። ዒላማህ 0.8 ሴኮንድ ይሁን። ለዚህ 100 ካሬ ሜትር አካባቢ ድምፅ የሚመጥ የማዕድን ፋይበር ኮርኒስ ይበቃሃል፣ ከኮርኒስህ ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ። ዙሪያውን አድርገው፣ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ያለው መሃሉ ጂፕሰም ይቆይ፣ ድምፁን ወደ ኋላ ረድፍ ይመልሳል። የኋላ ግድግዳ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሮክ ዉል (ከድንጋይ የተሠራ ሱፍ) ብትጨምር ጥሩ ነው፣ ሮክ ዉል አይቃጠልም። ጨርቁም እሳት የሚቋቋም መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ።

ስለ ምስጢር ሲነሳ ሰው ወዲያው ካሜራና የተደበቀ መቅረጫ ያስባል። እኔ የማስቀድመው ማይክራፎኑን ነው። ሬዲዮ የሚጠቀም ተራ ገመድ አልባ ማይክ ግድግዳ አልፎ ግቢ ውስጥ ይሰማል፣ ተቀባይ ያለው ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጣል። ለዝግ ስብሰባ ባለ ገመድ ማይክ ይሁን፣ አለበለዚያ ንግግሩን የሚያመሰጥር ዲጂታል። የትርጉም ማዳመጫውም በኢንፍራሬድ የሚሠራው ይሻላል፣ ድፍን ግድግዳ አያልፍም። የሆቴሉ ሙዚቃ የሚመጣባቸው የኮርኒስ ስፒከሮች አዳራሹ ውስጥ ካሉ መስመሩን የሚቆርጥ ማጥፊያ ይኑር። ስፒከር በተቃራኒው ማይክ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ 42 ዲቢኤ (የሰው ጆሮ በሚሰማው መጠን የተመዘነ ዴሲቤል) አካባቢ የሆነ ለስላሳ፣ የማይቋረጥ የአየር ድምፅ ቢኖር ከበሩ የሚያመልጠውን ጥቂት ድምፅ ይሸፍናል። አዳራሹ ውስጥ ግን፣ ኤሲው እየሠራ፣ ከ35 ዲቢኤ አይብለጥ።

በሩን በኤሌክትሪክ ቁልፍ ትዘጋለህ ብዬ እገምታለሁ። ዝጋ፣ ግን የእሳት ማንቂያው ሲጮህ ወይም መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚለቅ ይሁን፣ ከውስጥ ያለ ሰውም ገፋ አድርጎ መውጣት አለበት። 150 ሰው ያለበት ክፍል ሁለት ተራርቀው የተቀመጡ መውጫዎች የግድ ነው፣ በሮቹም ወደ ውጭ ይከፈቱ። ይሄን ለምስጢር ብሎ መደራደር የለም። በደንብ የታሸገ አዳራሽ ውስጥ የኮሪደሩ ሳይረን እንደማይሰማም አትርሳ፣ ስለዚህ አዳራሹ የራሱ ሳይረንና ብልጭ የሚል መብራት ይኑረው። ሲጮህም የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ይዘጋ።

ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም ካልከኝ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን ሶሌታ ድረስ ማድረስና መድፈን፣ ቀጥሎ በሩ፣ ከዚያ አየሩ በሰፊ ዳክትና በማፈኛ። መስኮቱ አራተኛ ነው፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚያይ ከሆነ ግን ከበሩ እኩል ይሆናል። የኮርኒሱ ዓይነት በኋላም ይለወጣል፣ ዳክት ግን አንዴ ከጠበበ ጠበበ።

ርክክቡ ላይ ደግሞ እንዲህ አድርግ፣ ውል ውስጥ አስገባውና ሪቴንሽኑን (ለኮንትራክተሩ ሳይከፈል የሚያዘውን ገንዘብ) ከዚህ ጋር እሰረው። ኤሲው በሙሉ ኃይል እየሠራ፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ በተስተካከለ የድምፅ መለኪያ 35 ዲቢኤ ወይም በታች ይለካ። ከዚያ ኤሲው ይጥፋ፣ አዳራሹ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሰው ንግግር በ75 ዴሲቤል ይለቀቅ፣ አንተ ደግሞ በበሩ፣ በጎረቤት ክፍሉ፣ ከላይና ከታች ባለው ፎቅ፣ ንጹህ አየሩ ከሚገባበት የውጭ መክፈቻ አጠገብም ቆመህ ስማ። ቃሉ ከተለየ ይስተካከል። ባለቤቱንም ይዘኸው ብትሄድ ጥሩ ነው፣ በጆሮው ሰምቶ ይፈርም። ጀነሬተሩም በዚያው ቀን ይነሳ፣ ማታ ሳይሆን ቀን፣ ስብሰባ በሚኖርበት ሰዓት።